ኦጉቱ ለዋንዴራ የዋሸው

ኦጉቱ በሐይቅ ዳሯ ኪሱሙ ከተማ፣ ኪቡዬ ገበያ ውስጥ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። አንድ እጅጌ ሳይጨርስ ስልኩን ሦስት ጊዜ ያነሳል። ወንዶች ከወንዶች በሚተዋወቁበት መተግበሪያ ላይ ስሙ ጄይ ነው፤ የናይሮቢ ተማሪ፣ ፎቶው ከአንገት በታች። ወንድ እንደሚወድ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ከአፉ ግን አውጥቶት አያውቅም። አምና በዚያው መተግበሪያ የቀጠረው ሰው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ጠብቆ ደብድቦታል። ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ስሙን ለማንም አይሰጥም።

እዚያው መተግበሪያ ላይ ካገኘው ከዋንዴራ ጋር ሁለት ወር ተጻጻፉ። የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው፣ ቀልደኛ። አንድ ማክሰኞ ዋንዴራ፣ "ለኤችአይቪ መጨረሻ የተመረመርከው መቼ ነው?" ብሎ ጻፈለት።

"ባለፈው ወር" አለ ኦጉቱ። ተመርምሮ አያውቅም።

ያን ቀን የሸሚዝ ኪስ ገልብጦ ሰፋ። ከጎኑ ቲማቲም የሚሸጡት ማማ አዎር ሳቁበት።

"አንተ ልጅ፣ ይቺ ሴት ልታሳብድህ ነው። ስሟን ንገረኝና ልምከራት።"

"ማማ፣ ይተዉኝ እስቲ።"

ከዚያው ዕለት ጀምሮ መመርመሪያ ክሊኒኩ በር ድረስ ሁለት ቀን ሄዶ ተመለሰ። በሦስተኛው ገባ። አማካሪዋ ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣ "ከሴት ጋር ነው ከወንድ?" አለችው።

"ከወንድ።"

"ኮንዶም?"

"አንዳንዴ።"

ምንም እንዳልሰማች ሁሉ ጻፈችና ደሙን ወሰደች። ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቅቶት ኮሪደሩን ሲመላለስ ጠራችው።

"ኤችአይቪ የለብህም፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን እንደገና ትመረመራለህ። ቂጥኝ አለብህ። ይድናል፣ መርፌውን አሁኑኑ ትወጋለህ። አብረውህ ለነበሩትም መንገር አለብህ።" ቫይረሱን የሚከላከል፣ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን እንዳለም ነገረችው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዋንዴራ ጋር ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ተገናኙ። የተጠበሰው ዓሣና የበቆሎ ገንፎው ኡጋሊ ቀርቦ ኦጉቱ አልነካውም።

"ባለፈው ወር ያልኩህ ውሸት ነው። የተመረመርኩት ሐሙስ ነው። ስሜም ጄይ አይደለም፣ የናይሮቢ ተማሪም አይደለሁም።"

ዋንዴራ እጁን ከሳህኑ አነሳ። "እኔ ደግሞ የጠየቅኩህ የራሴን መናገር ፈርቼ ነው። ቫይረሱ አለብኝ። መድኃኒት ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው፤ አሁን መጠኑ በምርመራ እስከማይታይ ወርዷል፣ በግንኙነት ወደ ሰው አይተላለፍም። ካላመንከኝ ሐሙስ የመረመሩህን ጠይቅ።"

ኦጉቱ ተነስቶ ወጣ። ሰኞ ሄዶ አማካሪዋን ጠየቃት፤ እውነቱን ነው አለችው። ያም ሆኖ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየጻፈ አጠፋ፣ እየጻፈ አጠፋ። በመጨረሻ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ጀልባዎቹ ወደሚቆሙበት ወረደ። ዋንዴራን እጁ ዘይት በዘይት ሆኖ አገኘው።

"ዓሣህን እኮ እኔ በላሁልህ" አለው ዋንዴራ።

"ኦጉቱ እባላለሁ" አለ ኦጉቱ።

ይኸው ስምንት ወር ሆናቸው። ኦጉቱ ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት ይውጣል። መንገድ ላይ ጎን ለጎን አይሄዱም፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይከተላል። እናቱ ከአገር ቤት ከሲያያ ደውለው "መቼ ነው የምታገባው?" ሲሉት ዛሬም ከወንበሩ ተነስቶ፣ ደጅ ወጥቶ፣ ቆሞ፣ "ሴቷን ገና አላገኘኋትም" ይላቸዋል።