የድመቴ መድኃኒት በእሷ ፍሪጅ

ከባሌ ታላቅ እህት ጋር በአንድ ግቢ መኖር ከጀመርኩ ስንት ዘመን እንደሆነ መቁጠሩን ትቻለሁ። መርሳ ከተማ ውስጥ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ ያለው ይህ ግቢ የአማቾቼ ነበር። ባሌ ከሞተ በኋላ ለሁለት ተከፈለ፤ ከማንጎው ዛፍ ወዲህ የእኔ፣ ከማንጎው ወዲያ የእሷ ሆነ። ፊት ለፊት «እትዬ» እያልኩ አንቱ እላታለሁ። እሷ አንቺ ትለኛለች። ይህ ግን የራሴ ጽሑፍ ስለሆነ እዚህ እሷ ናት።

ልጅ አልወለደችም። ይህ የእግዜር ሥራ ነውና አልነቅፋትም። ነገር ግን የእኔን ልጅ ወሰደችብኝ። ልጄ አፏን ስትፈታ «እማዬ» ብላ የጠራችው እሷን ነው። እኔ ገበያ ውዬ፣ ወገቤ በእህል ጆንያ ተሰብሮ ስመለስ፣ ልጄን ጸጉሯ ተሠርቶላት፣ በልታ ጠግባ በእሷ ጭን ላይ አገኛት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «ታድለሽ! እንዲህ ያለች አክስት ከየት ይገኛል» ይለኛል። እውነት ነው፣ በጣም ታድዬ ነበር።

ልጄ አሁን አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። ስትደውል የሚጮኸው መጀመሪያ የእሷ ስልክ ነው፤ ከማንጎው ማዶ ይሰማኛል። ሳቁ ይሳቃል፣ ወሬው ይወራል፣ ከዚያ ለእኔ «እማ፣ ደህና ነሽ? ጉልበትሽስ?» ብቻ ይተርፈኛል።

ድመቱን ያመጣሁት ከግራና ገበያ ነው። አይጥ ጤፌን እንደፈጀችው ሳወራ የሰማች አንዲት ሴት ከጎተራዋ ሥር አውጥታ በዘንቢሌ ከተተችልኝ። ግራጫ ነው፣ ደረቱ ነጭ። ቤቴ ደርሶ ከዘንቢሉ ሲወጣ መጀመሪያ ያየው የእኔን ፊት ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ መጀመሪያ የእኔ የሆነ ነፍስ ያለው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። እኔ ስጾም ቤቴ ወተትም እንቁላልም አይገባም፤ ድመቱም እንጀራ በሽሮ ነው የሚበላው። እሷ ግን ስኳር በሽታ ስላለባት የነፍስ አባቷ ፈቅደውላት ጠዋት ጠዋት እንቁላል ትጠብሳለች። ጾም እንኳ ለእሷ ተፈታላት! ሽታው ማንጎውን ተሻግሮ ይመጣል፣ ድመቴም ሽታውን ይዞ ይሄዳል። እዚያ ሆዱን ሞልቶ ይመለስና እኔም ላይ ይጮህብኛል። እኔ ደግሞ ላለመበለጥ እንጀራውን እጨምርለታለሁ። ፋሲካ ካለፈ በኋላማ በሥጋ ተፎካከርንበት። ደጃፌ ላይ ሲቀመጥ አፉ የታሰረ ጆንያ መሰለ።

ያ ሁሉ ሥጋ የት እንደገባ ሳላውቅ ደግሞ ከሳ። እየበላ ይከሳል። ለዶሮዎቹ ያስቀመጥኩትን ጣሳ ውኃ አድርቆ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ይሄዳል። የሚሸናበት አመድ ጭቃ ሆነ። አንድ ጠዋት እሷ መጥረጊያ ልትዋስ መጥታ አመዱን አየች። ጉንዳን ወሮታል።

«ይኸ ድመት የኔን በሽታ ይዟል» አለች።

«ድመትም ስኳር ይይዘዋል እንዴ፣ እትዬ?»

«እኔስ መጀመሪያ በምን ያወቅሁ መሰለሽ? በጉንዳን ነው።»

የኔን በሽታ አለች። ድመቴ የታመመውም በእሷ በሽታ ሆነ።

ዘንቢል ውስጥ ከትቼ፣ ነጠላ ሸፍኜበት ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ወሰድኩት። እዚያ ወረፋ የያዙት በሬ፣ ጥጃ፣ ፍየልና በቅሎ ናቸው። ከፊቴ ጥጃ የያዘ ገበሬ ዞር ብሎ ዘንቢሌን አየ።

«እናቴ፣ ምን ይዘዋል? ዶሮ ነው?»

«ድመት ነው።»

«ምን ሆነብዎ?»

«ስኳር ነው ይላሉ።»

«ስኳር!» ብሎ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ስሙማ፣ እኛ ለሻያችን ስኳር አጥተን የእናታችን ድመት ስኳር በዝቶበት ታሟል!»

በሳቅ ፈረሱ። በቅሎ የያዘው ሰውዬ እንዲያውም «እኔ ልላሰው» አለ።

ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። የጆሮውን ጫፍ ወግታ ደሙን ለካችው። «ስኳር ነው፣ እናቴ» አለችኝ። «የምናክመው በሰው ኢንሱሊን ነው። ጠዋትና ማታ፣ ከበላ በኋላ፣ በጣም ትንሽ። ከበዛበት ይገድለዋል። ከተንቀጠቀጠ ቶሎ ብለው ድዱን ማር ይቀቡት።» መርፌው ላይ እስከ የትኛው መስመር እንደምቀዳ አሳየችኝና «ፍሪጅ አለዎት?» አለች።

ፍሪጁ ያለው እሷ ቤት ነው።

የፍሪጁን ነገር ልናገር። በዚያ መብራት ለወራት በጠፋበት፣ መንገድም በተዘጋበት ክፉ ጊዜ የእሷ ኢንሱሊን የዳነው በእኔ እንስራ ነው። በመርሳ ሙቀት መድኃኒት ሜዳ ላይ አይቀመጥም። እንስራዬን ጓዳ ውስጥ በእርጥብ አሸዋ ቀበርኩት፣ ብልቃጧን በላስቲክ ጠቅልዬ ከውስጡ አኖርኩ፣ ውኃ ከወንዝ እየቀዳሁ አሸዋው እንዳይደርቅ ጠበቅሁ። ሰላም ሲሆን ልጄ ይህን ሰምታ አለቀሰች አሉ። ከዚያ ፍሪጅ ገዝታ ላከች፤ ለእሷ። ጫኞቹ «የማን ቤት ነው የምናስገባው?» ሲሉ በእጄ ያመለከትኳቸው እኔ ነኝ። እንስራውን ያነሳ ሰው የለም።

እንግዲህ ለድመቴ ስል ጠዋትና ማታ በሯን አንኳኳለሁ። «ግቢ እንጂ፣ እንደ ለማኝ ደጅ ላይ ምን ትቆሚያለሽ» ትለኛለች። የምትወጋውም እሷ ሆነች፤ እጇ ለምዷል። መጀመሪያ የራሷን ሆዷ ላይ ትወጋለች፣ ከዚያ የድመቴን ማጅራት ቆንጠጥ አድርጋ ለእሱ። እሱ ዝም ይላል። እኔ ቁንጫ ስለቅምለት የሚቧጭረኝ ድመት ለእሷ መርፌ ዝም ይላል! ብዙም ሳይቆይ ከአልጋዋ ግርጌ መተኛት ጀመረ። ልጄም ደወለችና «እማ፣ አክስቴ ድመትሽን አተረፈችልሽ አይደል?» አለችኝ።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ወልድያ ወጣሁና ከመድኃኒት ቤት የራሴን ብልቃጥና መርፌ ገዛሁ። እንስራዬን አጥቤ አሸዋውን አረጠብኩ። ያልበሰለ ማንጎ ከዛፉ ቆርጬ፣ እጄ እስኪለምድ ድረስ ውኃ እየቀዳሁ ልጣጩን ስወጋ ዋልኩ። ማታ ላይ ለድመቱ ጉበት ሰጠሁት፣ ማጅራቱን ቆነጠጥኩና ወጋሁት። ዝም አለ። ልክ ለእሷ እንደሚለው ዝም አለ። «አየህ? የእኔም እጅ እጅ ነው» አልኩት።

ለእሷ አልነገርኳትም። የገዛ ድመቴን ለመውጋት ማንን ላስፈቅድ? እሷም አልጠየቀችኝም። የዚያን ዕለት ማታ በሯን ሳላንኳኳ ብቀር፣ ድመቱ ሲመጣላት ረስቼው ነው ብላ እንቁላሏን አብልታ ደግማ ወጋችው።

ሳህን ሳጥብ ጩኸቷን ሰማሁ። ድመቱ ደጃፏ ላይ እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ ወደቀ፤ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ምን አብልተሽው ነው?» አለችኝ።

«እርስዎ ምን አደረጉት?»

«መድኃኒቱን ወጋሁት እንጂ ምን አደርገዋለሁ!»

«እኔም ወግቼዋለሁ!»

ፊቷ አመድ መሰለ። ስኳሯ ወርዶ ራሷን ሲጥላት የምትበላውን ከረሜላ ከመቀነቷ ፈትታ አፉ ውስጥ ልትከት ታገለች። ድመት ከረሜላ ይመጥ ይመስል! ሮጬ ከጓዳዬ ማር አመጣሁ። እሷ ቤት ማር አይገባም። ራሱን ያዘችልኝ፣ እኔ በጣቴ ድዱን ቀባሁት፣ ደግሜ ቀባሁት። በመካከሉ እንዲህ አለችኝ፦

«በምቀኝነትሽ ልትገድዪው ነበር።»

«ምቀኛውን እግዜር ያውቀዋል። ልጄን ወሰዱ፣ ዝም አልኩ። ድመቱን ግን አልሰጥዎትም።»

«አንቺ ገበያ ስትውዪ ማን ይይዝልሽ ነበር?»

«ይያዙልኝ አልኩ እንጂ ይውሰዱልኝ መች አልኩ?»

የድመቱን ራስ ወደ ጣቴ አቀናችልኝ። ድመቱ ቀስ እያለ ዓይኑን ገለጠና ማር የነካ ጣቴን ቧጨረኝ። እሷን አልቧጨራትም። እኔን ቧጨረኝ፣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ከነጠላዬ ጥለት ቀይ ክር መዘዝኩ። ጠዋት የምወጋው እኔ ነኝ፤ ስወጋ ክሩን አንገቱ ላይ አስራለሁ። ማታ የምትወጋው እሷ ናት፤ ስትወጋ ትፈታዋለች። ድመቱን ያየ ሁሉ መወጋቱን ያውቃል፣ እኛም መነጋገር አያስፈልገንም። ሰዎች «ምን ማተብ ነው ያሰራችሁለት?» እያሉ ይስቃሉ። ይሳቁ።

ሰሞኑን ማታ ማታ ክሩ ሳይፈታ ማደር ጀመረ። ተወግቷል አልተወጋም ብዬ ስጨነቅ፣ አንድ ጠዋት የእኔ በር ተንኳኳ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሳታንኳኳ ነበር የምትገባው። የራሷን ብልቃጥና መርፌ ይዛ ቆማለች።

«ቋጠሮው አይታየኝም» አለች። «የመርፌው መስመርም አይታየኝም። የድመቱን እንደምትለኪው የኔንም ለኪልኝ።»

«አይቧጭሩኝም አይደል?» አልኳት።

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በርጩማ ሰጠኋት፣ መስመሩን ወደ ብርሃን አድርጌ ለካሁ። ድመቱ በመካከላችን ተጋድሟል። በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ፤ የልጄ ድምፅ ነው፣ ችኩል።

«እማ፣ አክስቴ ስልክ አታነሳም። ምን ሆና ነው?»

«እኔ ጋ ናቸው» አልኳት። «መድኃኒታቸውን እየሰጠኋቸው ነው። ቆይተሽ ደውዪ።»