ስምህን አስቀምጥና ሂድ

ኦክሂ የባሏ ልደት በመጣ ቁጥር ትጨነቅ ነበር። በኮሪያ ሰው በተወለደበት ቀን የባሕር ቅጠል ሾርባ ካልቀረበለት እንደ ተረሳ ይቆጠራል። ችግሩ ግን ሾርባው ሙልጭልጭ ነው፤ ፈተና ያለበት ሰው ከጠጣው ተንሸራቶ ይወድቃል ይባላል። የወደቀውንም ሰው «ሾርባዋን ጠጣ» እያሉ ነው የሚያሙት። የባሏ የኖ ሳንግቦክ ልደት ደግሞ የሚውለው በበረዶው ወራት፣ ልክ እርሱ ለሙያ ማረጋገጫ በሚፈተንበት ሰሞን ነበር።

«እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ በሾርባ አናምንም» ትለዋለች።

«ታዲያ ለምን አትሠሪልኝም?»

«ባናምንም፣ ፈተናው ሳያልፍ ምን አስቸኮለን?»

እንዲህ እየተባባሉ በየዓመቱ የልደቱን ቀን በሥጋና በነጭ ራዲሽ መረቅ ያሳልፉታል።

ሳንግቦክ የዩኒቨርሲቲ ደጅ አልረገጠም። ፕሮግራም መጻፍን የተማረው ከአሮጌ መጻሕፍት ተራ ከገዛቸው፣ ጠርዛቸው ከተበላ መጻሕፍት ነው። የሚሠራበት ድርጅት ሴኡል ውስጥ፣ ጉሮ በሚባለው ሰፈር ነው። ታላቅ እህቱ ማልሱን በልጅነቷ ሸሚዝ የሰፋችው እዚያው መንገድ ላይ ነበር፤ ስፌት ቤቶቹ ፈርሰው በቦታቸው የመስታወት ፎቅ ቆሟል። አባታቸው ከሞተ በኋላ ሳንግቦክን ያሳደገችው በዚያ መርፌ ነው። «እኔ በመርፌ፣ አንተ በጣት፤ ወገብ ማጉበጡ ግን ያው ነው» እያለች ትቀልድበታለች።

ሥራውን ይወድ ነበር። የሚጽፈው ለሆስፒታሎች ነው፤ ወረፋ የሚያስይዘውን፣ ካርድ የሚያወጣውን። ነገር ግን ኃላፊ ሆኖ ማኅተም የሚያሳርፈው የሙያ ማረጋገጫ ያለው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ እርሱ የሠራው ሁሉ በቡድን መሪው በታክ ጊሁን ስም ይወጣል። ታክ በዕድሜ ከእርሱ በብዙ ያንሳል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስሙን ሲጽፉለት ዝም የሚል ሰው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ሳንግቦክ ልጁ ዳሶም ጉሮሮዋን ታማ ሆስፒታል ወሰዳት። የወረፋ ቁጥር የሚሰጠው ማሽን አጠገብ ሲደርሱ አላስቻለውምና፣ «ይህን የሠራው አባትሽ ነው» አላት። ልጅቱ በማሽኑ ጎን የተለጠፈችውን የብረት ሰሌዳ ፊደል በፊደል አነበበች።

«አባዬ፣ ታክ ጊሁን ነው እኮ የሚለው።»

«እሱ አለቃዬ ነው።»

«አንተ ስትሠራ ስምህን አትነግራቸውም እንዴ?»

በዚያው ሳምንት ለፈተናው ተመዘገበ።

ፈተናው ዲግሪ ለሌለው፣ ግን በሙያው ለኖረ ሰው ክፍት ነበር። ደግሞም የሚያስቅ ፈተና ነው፤ በኮምፒውተር ሙያ ትልቁን ማረጋገጫ ለማግኘት ኮምፒውተር አይነካም። ተፈታኙ ከጠዋት እስከ አመሻሽ በጥቁር እስክሪብቶ ወረቀት ሲሞላ ይውላል። ሳንግቦክ ዕድሜውን ሙሉ ቁልፍ ሲመታ ስለኖረ እጁ መጻፍን ረስቶታል። በመጀመሪያው ፈተና ከሰዓት በኋላ ጣቶቹ ተኮማትረው አልዘረጋ አሉት፤ የሚያውቀውን መልስ እያየው ተነጠቀ።

ከዚያ በኋላ ከማለዳ ጸሎት መልስ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ የሰንበት ተማሪዎች ክፍል ውስጥ መጻፍ ጀመረ። ወንበሮቹ የሕፃናት ስለነበሩ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ይደርሳል። ኦክሂ ማታ ማታ የእጅ አንጓውን እያሸች የሕመም ማስታገሻ ፕላስተር ትለጥፍለታለች፤ ከንፈሯም በጸሎት ይንቀሳቀሳል። ደጋግሞ ወደቀ። ታክ በምሳ ሰዓት አይምረውም።

«አቶ ኖ፣ ዘንድሮም ሾርባዋን ፉት አሏት?»

«እኔስ አልነካኋትም። ሽታዋ ሳይሆን አይቀርም የጣለኝ።»

በመጨረሻ አለፈ። ኦክሂ ወሬውን ስትሰማ ወጥ ቤት ውስጥ ተንበርክካ አለቀሰች። ከቤት ወጪ ቆጥባ፣ ቴምር የሚመስል ፍሬ ከሚያፈራ ጠንካራ ዛፍ እንጨት የስሙን ማኅተም አስቀረጸችለት። በዚያ አገር ቀይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ባለቤቱ በአንደበቱ እንደ ተናገረው ነው።

የድርጅቱ ዳይሬክተር ባንግ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለው። «ኢንጅነር ኖ! ኮርተንብዎታል!» መደገፊያ ያለው ወንበር ተሰጠው፤ ደሞዙም ከፍ አለ። «ማኅተሙን በእኔ መሳቢያ ውስጥ ይተዉት፤ ለትንሽ ትልቁ ወረቀት እንዳናስቸግርዎ» አለው ባንግ። ሳንግቦክ እንደ ክብር ቆጥሮት ተወው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእርሱ ግን መሳቢያ ውስጥ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲጠይቅ «ይረፉ፣ ኢንጅነር» ይሉት ጀመር። ማረፉ ብዙ ወራት ፈጀ። እርሱም እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ዝም አለ፤ የደከመ እጁ እያረፈ ነበርና።

በዚህ መካከል ማልሱን ዳሌዋ ተሰብሮ በአንድ የገጠር ከተማ ሆስፒታል ተኛች። ሊጠይቃት ሲገባ ፊቷ በራ።

«አየሁልህ! ስምህን አየሁልህ!» ብላ ከራስጌዋ በላይ ያለውን የነርስ መጥሪያ ደወል አሳየችው። ከሥሩ የብረት ሰሌዳ አለ፤ ኃላፊ ኢንጅነር፣ ኖ ሳንግቦክ ይላል። «ለነርሶቹ ሁሉ ወንድሜ ነው የሠራው ብዬ ነገርኳቸው።»

ሳንግቦክ ደወሉን ሊሠራው ቀርቶ አይቶትም አያውቅም።

«ይሠራል፣ እትዬ?»

ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። «ይሠራል እንጂ። ብቻ እኔ ስጫነው ሌላ ክፍል ነው አሉ የሚጮኸው። ትናንት ብጫን ብጫን የመጣ የለም... አንሶላዬን አበላሸሁ።» ከዚያ ቶሎ ብላ፣ «ያንተ ጥፋት አይደለም፤ እኔ አጫጫኑን አላወቅሁበት ይሆናል» አለችው።

በማግስቱ ባንግ ዘንድ ገባ።

«ኢንጅነር፣ ምን ልታዘዝ?»

«ማኅተሜን ፈልጌ ነበር።»

«የትኛው ወረቀት ላይ ሊያርፍ?»

«የትም። ወደ ቤት ልወስደው ነው።»

ባንግ ፈገግ ብሎ በሩን ዘጋ። በሩ ሲዘጋ አንቱታውም ውጭ ቀረ። «ስማ፤ እኛ የምንከፍለው ለስምህ ነው። ሥራውን ወጣቶቹ በግማሽ ዋጋ ይሠሩታል። አንተ ስምህን አስቀምጥና ሂድ፤ ቤትህ ተኛ፤ ደሞዝህ ወሩን ጠብቆ ይገባልሃል። ከዚህ ወዲያ ምን ጽድቅ አለ?»

«ደወሉ የሚጮኸው ሌላ ክፍል ነው፣ ዳይሬክተር።»

«ይስተካከላል።»

«የተኛችው እህቴ ናት።»

«እንግዲያ ሌላ ሆስፒታል ፈልግላት።»

ሳንግቦክ ጎንበስ ብሎ መሳቢያውን ራሱ ከፈተና ማኅተሙን አወጣ። ወንበሩንና ሥራውን ግን በዚያው ተነጠቀ።

ለሆስፒታሉም ለማረጋገጫ ሰጪው ቢሮም ሄዶ እውነቱን ተናገረ። የቢሮው ሰው በአክብሮት አዳመጠውና ጠየቀው፤ «ማኅተሙ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ሥራውን አይተውታል?»

«አላየሁትም።»

ስሙን ላላየው ሥራ አሳልፎ በመስጠቱ ማረጋገጫው ታገደበት። ሕጉ ትክክል እንደሆነ ለኦክሂ የነገራት እርሱ ራሱ ነው። ከሁሉ የመረረው ሌላ ነበር፤ ወሬው ያልደረሳቸው ድርጅቶች ስልክ ይደውሉ ጀመር። «ኢንጅነር ኖ ነዎት? መምጣት አያስፈልግዎትም፤ ማኅተሙን ብቻ ይላኩልን።» እጁን የፈለገ አንድም ሰው አልደወለም።

እህቱ ያለችበት ሆስፒታል ሰሌዳውን ነቀለ። ደወሉን ግን የሚያበጀው ሰው ቶሎ አልመጣምና፣ ሳንግቦክ አስፈቅዶ፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ አስተካከለው። ማልሱን ተጫነችው። ነርሷ እየሮጠች መጣች።

«ምን ልርዳዎት፣ እማማ?»

«ምንም። ወንድሜን ላሳይሽ ብዬ ነው» አለች ማልሱን፤ ጣቷንም ሰሌዳው በነበረበት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ብቻ በቀሩበት ግድግዳ ላይ አሳረፈች።

ልደቱ ሲደርስ በረዶ ይጥል ነበር። ኦክሂ ሳትጠይቀው ድስቱን ጣደች። አረንጓዴውን ሾርባ ሞልታ ስታቀርብለት ሳንግቦክ ቀና ብሎ አያት።

«ብንሸራተትስ?»

«ወለሉ ላይ ተቀምጠህ ወዴት ትወድቃለህ?» አለችው።

አቀርቅሮ ጸለየ። ሾርባው እንዳይበርድበት ጸሎቱን አሳጠረና፣ ከእነዚያ ሁሉ ዓመታት በኋላ ጎድጓዳውን ሳህን በሁለት እጁ አነሣ። ፉትም አላት።