የሻሺቱ የጾም ድስት

ሻሺቱ ዕድሜዋን ሙሉ ደጋው ላይ፣ ገረሴ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ ነው የኖረችው። ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ አፍንጫዋን ጠጋ ካደረገች አለቀ፤ የሰነበተውን፣ ሙዝ የተቀላቀለበትን፣ የዛሬውን ትለያለች። ሊያታልላት የመጣ ሰው ቅቤውን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ሴት ነበር የሚሄደው። ኮሮና የገባ ጊዜ ታማ ተነሣች፤ አፍንጫዋ ግን አልዳነም። ሽታውም ጣዕሙም ድራሹ ጠፋ። አፍንጫ የሌላት ቅቤ ነጋዴ ምን ትሠራለች? ቆላ ወርዳ ሴቻ የምትኖረው ልጇ ሉሊት «ነይ እኔ ጋ ተቀመጪ» አለቻት፤ ሻሺቱም ሄደች።

ሉሊት ጴንጤ ናት። ኮሌጅ ሳለች ጌታን ተቀበልኩ ብላ ስትመጣ ዘመዱ ሁሉ ሻሺቱን መቀመጫ አሳጣት። «ደጅሽን እንዳትረግጥ» ያላትም አለ። ሻሺቱ ወይ ፍንክች! «ክርስቶስን አልካደች፤ ልጄን በምን አባርራለሁ?» ብላ ሁሉንም አፉን አስያዘችው። ሴቻ ከገባችም በኋላ ሉሊትና ባሏ ጌዲዮን ሲጸልዩ አብራ ተቀምጣ አሜን ትላለች፤ እነሱ ዐይናቸውን ሲጨፍኑ እሷ ታማትባለች። መዝሙሩ በዛብኝ ብላ እንኳ አታውቅም።

ሉሊትም አላሳፈረቻትም፤ እንዲያ ነበር የሚመስለው። ለጾም ብቻ የምትሆን ቀይ ድስት ገዛችላት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከመደርደሪያው አውርዳ «ይቺ የእማዬ ናት፣ ቅቤ ነክቷት አያውቅም፤ ሁሉም እንደ እምነቱ ነው» ትላለች። እንግዳውም ይመርቃታል። ሻሺቱ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ ውላ፣ ከዚያች ድስት የወጣ ሽሮ በልታ፣ እሷም ልጇን ትመርቃለች። ፊቷ ሞላ፣ ጉንጯ ወጣ። ጾም ተስማማኝ ትል ነበር፣ ምስኪን።

ዘንድሮ በሁዳዴ የአጎቷ ልጅ ገረሴ ላይ ሞተ። ሉሊት በቀይዋ ድስት ምስር ወጥ ሠርታ፣ በጨርቅ ቋጥራ መኪና አሳፈረቻት። ቀብሩ አልቆ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሴቶቹ ሊቀምሱ ሲቀመጡ ሻሺቱ ድስቷን አቀረበች። የልጅነት ጓደኛዋ ወርቅአፈራሁ ገና ከሩቁ እጇን አወናጨፈች።

«እኔ ይቅርብኝ። የጴንጤ ቤት ድስት ጾም አያውቅም።»

ሻሺቱ ደሟ ፈላ። «አንቺ ሴት፣ አፍሽን ሰብስቢ! ጾሜን እኔ ብረሳው ልጄ አትረሳውም» አለች። ሌሎቹም እጃቸውን ሲሰበስቡ አየች፤ እልህ ያዛትና ሁሉም እያያት ደጋግማ ጨምራ በላች።

ገረሴ ብርድ ነው። በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን ስታነሣ ከወጡ ላይ ነጣ ያለ ነገር ተጋግሮ አገኘች። የሴቻ ሙቀት ምንም ነገር አያረጋም፤ እዚያ ሳለች እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። የሚረጋ ዘይት ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። በጣቷ ዛቅ አድርጋ አሸት ስታደርገው ግን ጣቷ ዐወቀው። አላምንም ብላ ድስቱን እንደያዘች ወርቅአፈራሁ ጋ ሄደች።

«እስቲ አሽትቺልኝ።»

ወርቅአፈራሁ አሸተተችና ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። አልሳቀችባትም። ብትስቅባት ይሻላት ነበር።

ሻሺቱ እዚያው የድሮ ቤቷ ቀርታ፣ ሴቻ አልመለስም ብላ ስልክ አስደወለች። ሉሊት እየበረረች መጣች። ገና በሩ ላይ እንደቆመች እናቷ ጠየቀቻት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሉሊት መሬት መሬት አየች። «ከመጣሽ ጀምሮ። እማዬ፣ ስትመጪ አጥንትሽ ብቻ ነበር የቀረው። ስትሞቺ ዝም ብዬ ልይ? እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው እንጂ ሆድን አይደለም።»

«ልቤን ካየማ እዚያው ጾሜ ላይ ነበር የሚያገኘው» አለች ሻሺቱ። «ጾምሽን አልወደውም ብትይኝ ምን ነበረበት? እንጣላ ነበር፤ መልሰን እንታረቅ ነበር። ድስቱን ለምን ገዛሽው? እኔ በአንቺ ጸሎት አሜን ስል ከልቤ ነበር እኮ።»

ሉሊት እግሯ ላይ ወድቃ አለቀሰች፣ ይቅር በይኝ አለች። ሻሺቱም አንሥታ ሳመቻት፤ ይቅርም አለቻት፣ ያውም ከልቧ። የንስሐ አባቷ ሳታውቂ የበላሽው አይቆጠርብሽም ብለዋታል። እሷ ግን ከራሷ መቁጠር አላመለጠችም፤ ያን ሁሉ ሁዳዴ ጾሜን ተቀበልልኝ ስትል የኖረችው ቅቤ በልታ ነው። ይሄ አንጀቷን ያቃጥላታል።

ሉሊት ተነሥታ፣ በእናቷ የድሮ ድስትና በእናቷ ዘይት ሽሮ ሠርታ አቀረበችላት። ሰዓቱ ደርሷል፤ ሻሺቱም ርቧታል። የልጇን ፊት አየችው፤ እንባው ገና አልደረቀም። ዛሬ እንዳላታለለቻት ገባት። ልትቆርስ እጇን ዘረጋች፤ እጇ እምቢ አላት።

ሳህኑን ከድና ብርድ በሚገባበት በኩል፣ ከግድግዳው ሥር አስቀመጠችው።

«ይደር» አለቻት ቀስ ብላ። «ጠዋት አይቼ እበላዋለሁ።»