የሰርግ ማግስት ሾርባ

አሳ ቤቴን የከፈትኩት በፋሲካ ማግስት ነው። ይህን ስናገር የአርባ ምንጭ ሰው ወዲያው ይስቃል። ሌላው ሰው ምኑ እንደሚያስቅ እንዲገባው ግን ትንሽ ማስረዳት አለብኝ።

እኛ ቤት በጾም አሳ አይበላም። አባቴ ከጎጃም በመምህርነት መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ፣ ጾም ሲገባ ቅቤ የነካ ማንኪያ እንኳን ለይተው የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። «ደም ያለው ሁሉ ሥጋ ነው» ይላሉ፤ በቃ፣ ክርክር የለም። ከተማው ግን እንደኛ ቤት አይደለም። ጾም ሲገባ በታችኛው ከተማ በሲቀላ ያሉት አሳ ቤቶች ከጥግ እስከ ጥግ ይሞላሉ። እኔም ሁዳዴውን ሙሉ የተከራየሁትን ቤት ሳስጠግን፣ ወንበር ሳስቀባ፣ የጎረቤቶቼን ግርግር እያየሁ ልቤ ይሞቅ ነበር። በጾም እንዲህ የሞላ ሲፈታማ ምን ሊሆን ነው! እል ነበር።

የንግድ አመራር ዲግሪ አለኝ፣ እባካችሁ። ሰዉ አሳ ቤት የሚጎርፈው ሥጋ ስለተከለከለ መሆኑ ግን አንድ ቀን እንኳን ብልጭ አላለልኝም። ጾሙ ሲፈታ አገር ምድሩ ወደ ሥጋ ቤት ነጎደ። ያውም በዓለ ሃምሳ ነው፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምም። ምጣዴን ጥጄ፣ ሽርጤን አስሬ፣ ቆሜ ቀረሁ።

እንዲህ መቆም የማልችልበት ምክንያት ነበረኝ። ከመሥሪያ ቤቴ የወጣሁት ለቅቄ ሳይሆን ያለ ደመወዝ የሦስት ወር ፈቃድ ወስጄ ነው። ፈቃዱንም ያገኙልኝ አባቴ ናቸው፤ አለቃዬ የድሮ ተማሪያቸው ስለነበረ ላይኛው ከተማ ሴቻ ድረስ ወጥተው ለመኑት። እሱም እሺ አለ፤ ነገር ግን ፈቃዱ ባለቀበት ሰኞ ጠዋት ቢሮ ካልተገኘሁ ቦታዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አባቴ ያን ሰኞ እንደ በዓል ይጠብቁት ጀመር። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሉሽ» ይሉኛል በየምሽቱ። እኔ ደግሞ ራሴን አውቃለሁ፤ አንዴ ወደዚያ ወንበር ከተመለስኩ እስከ ጡረታ አልነሳም።

ከመክፈቴ በፊት የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ወስጃለሁ። አሠልጣኙ መድረክ ላይ እየተንጎራደደ «እችላለሁ በሉ!» ይለናል፣ እኛም አዳራሹ እስኪናጋ «እችላለሁ!» እንላለን። ሻይና ብስኩት ነበረ፣ ደስ ይል ነበር። ባዶ ቤት ውስጥ ተቀምጦ መንገደኛ ማየት እንዴት እንደሚያሳፍር ግን ማንም አልነገረን። የማውቀው ሰው ሲያልፍ የጸዳውን ጠረጴዛ እንደገና እወለውላለሁ። የቢሮ ባልደረባ ከሩቅ ሳይ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ «እሺ፣ አሥር ሰሃን፣ ይደርሳል» እላለሁ፤ በወዲያኛው በኩል ማንም የለም። እችላለሁ ማለት ለካ ቀላል ነው። ከባዱ በማግስቱም ጠዋት ተነስቶ ያንኑ በር መክፈት ነው። ከፈትኩት፤ እውነቱን ለመናገር ግማሹ እልህ ነው።

የምታበስልልኝ ሴት ከደጋው ከኦቾሎ የወረደች፣ ንግግረ ቁጥብ ናት። አንድ ቀን ያልተሸጠ አሳ ለጎረቤት ስናከፋፍል እያዘነች አየችኝና፣

«እህቴ፣ አሳው ምን አደረገሽ? ቀኑን ነው የሳትሽው» አለችኝ።

«ታዲያ ቀኑ እስኪመጣ ምን ልሥራ?»

«እሱን እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺ ነሽ ባለቤት።»

ተናደድኩባት። ማታ ስተኛ ግን ቃሉ አልለቀቀኝም። ባለቤት ነኝ። ቢሮ እያለሁ አንድ ነገር ሲበላሽ «የበላይ አካል ይወስን» ብለን ወደ ላይ እንልከው ነበር። እዚህ ወደ ላይ ብልከው ጣሪያው ነው ያለው።

በዚያው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ተዳረ። ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ የሰርግ ወቅት ነው፤ አንዱ ድንኳን ሳይነሳ ሌላው ይተከላል። በሰርጉ ማግስት ጠዋት አክስቴን ላግዝ ስሄድ ሚዜዎቹ ሳሎን ውስጥ እንደ ተራገፈ ከረጢት ወድቀዋል። አንዱ ግንባሩን ይዟል፣ አንዱ ሆዱን። ሌሊቱን ሙሉ ጥሬ ሥጋና ጠጅ፣ ማታ ደግሞ መልስ አለ፤ እንደገና ጥሬ ሥጋና ጠጅ። አክስቴ ትኩስ ዶሮ ወጥ ብታቀርብላቸው አንደኛው ሚዜ ፊቱን አዙሮ «እባክዎ እማማ፣ ሥጋ አያሳዩኝ» አለ።

ይህችን ስሰማ እጄ ላይ የነበረውን ትሪ አስቀመጥኩ። ሥጋ አታሳዩኝ የሚል ሰው በበዓለ ሃምሳ! እኔ ስፈልገው የከረምኩት ሰው ይኸው ሳሎን ውስጥ ተዘርሮልኛል።

በባጃጅ ወደ አሳ ቤቴ በረርኩ። አብሳይዋ የአሳ ጭንቅላትና አጥንት ቀቀለች፣ እኔ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ወቀጥኩ፣ ቃሪያ ከተፍን፣ እሷም ሀለኮ ጨመረችበት፤ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለውን ቅጠል ማለት ነው። በድስቱ ይዤ ተመለስኩና ሎሚ ጨምቄ ለእያንዳንዳቸው ሰጠኋቸው። የመጀመሪያው ሚዜ ቀመሰ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጁ አንስቶ ጨለጠው። «ይሄ ነገር የት ነው የሚሸጠው?» ብሎ ሲጠይቅ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

በማግስቱ በማለዳ ጫሞ ሐይቅ ወረድኩ። አስጋሪዎቹ አሳውን እዚያው ዳርቻው ላይ ገፍፈው አጥንቱን አባ ኮዳ ለሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይጥሉታል። አጥንቱን እፈልጋለሁ ስል አንደኛው አስጋሪ ሳቀ፤ «እኛ አጥንት አንሸጥም፣ ከወፎቹ ጋር ተስማሚ» አለኝ። ወፎቹ አፈጠጡብኝ እንጂ አልተቃወሙም።

ከዚያ በኋላ ቤቱን ጎህ ሲቀድ መክፈት ጀመርኩ። ሰርግ ያለበትን ሰፈር የሚያውቁት ባለባጃጆች ናቸውና እነሱን በነጻ አቀመስኳቸው። እነሱም ዓይኑ የቀላ ተሳፋሪ ባገኙ ቁጥር ሳይጠይቁት ወደ እኔ ያመጡት ጀመር። መጀመሪያ ሚዜዎች መጡ፣ ቀጥሎ የሙሽሪት ወንድሞች፣ ቀጥሎ ድንኳን ተካዮች፣ ካሜራ አንሺዎች፣ ሌሊቱን ሲዘፍን ያደረ ድምፁ የተዘጋ ዘፋኝ። ምሳ ሰዓት ቤቴ አሁንም ጭር ይል ነበር፣ አልዋሽም። ጠዋት ግን መቀመጫ አይገኝም። ሰዉ ራሱ «የሰርግ ማግስት» ብሎ ስም አወጣለት። ስሜን ሳልለጥፍ ስም አገኘሁ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሥልጠናው ላይ «ደንበኛችሁን እወቁ» ሲሉን እኔ የማውቀው የአባቴን ማዕድ ብቻ ነበር። ደንበኛ የሚታወቀው ሲቸገር ነው፤ ምን እንደከበደው አይቶ እሱን ማቅለል ነው ንግድ ማለት።

አባቴ ይህን ሁሉ አያውቁም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብቅ ብለው ባዶውን ወንበር ቆጥረው ሄደዋል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለው ስለኔ ለእናቴ መናገራቸውንም ሰምቻለሁ።

ያ ሰኞ ደረሰ። እሁድ ሲቀላ ውስጥ ብቻ ስንት ድንኳን እንደነበረ እንጃ፤ ጎዳናው ሁሉ ጥሩንባ ነበር። ገና ሳይነጋ ሰዉ በሩ ላይ ተኮልኩሏል። እኔና አብሳይዋ አራት እጅ አልበቃን ብሎ ስንራወጥ አባቴ ከባጃጅ ወረዱ፤ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል፣ በእጃቸው የቢሮ ልብሴን አስተኩሰው በከረጢት ይዘዋል። በሩ ጋ ሲደርሱ አንድ ከረባቱ የተጣመመ ሚዜ ገፍቷቸው ሊገባ ሞከረ።

«አንተ! ወደ ኋላ!»

ያን የመምህር ድምፅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ሚዜው ቀጥ አለ። ከኋላው ያሉትም ቀጥ አሉ።

«ሰልፍ ያዙ። አንድ በአንድ። የተቀመጠ ሰው ሳይነሳ ማንም አይገባም።»

ጎልማሳው ሁሉ እንደ ተማሪ ተሰለፈ። አባቴ ከረጢቱን ምስማር ላይ ሰቅለው በሩ ላይ ቆሙ፤ እየቆዩ ኮታቸውን አወለቁ፣ እየቆዩ ባዶ ሳህን ማንሳት ጀመሩ። እኔን ቀና ብለው አያዩኝም። እኔም ሾርባ እየቀዳሁ ሰዓቱን አያለሁ። እንሂድ ቢሉኝ በሕዝብ ፊት እንቢ ማለት ሊኖርብኝ ነው፤ አባቴን ደግሞ እንቢ ብዬ አላውቅም።

ስልካቸው ጮኸ። አለቃዬ ነው፤ በዚያ ጫጫታ መሐል እንኳን ድምፁ ይሰማኛል፣ ለምን ቢሮ እንዳልገባሁ ይጠይቃል። አባቴ በሌላ እጃቸው ሳህን እንደያዙ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አትመጣም፣ ልጄ። ቦታውን ለሌላ ስጠው» አሉት። «ሥራ ላይ ናት።»

ስልኩን ኪሳቸው ከተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሦስት ሾርባ! አንዱ ያለ ቃሪያ፤ ፈጠን በይ እንጂ፣ ሰዉ ቆሟል!»