ለአራት ቡችሎች የተሸከመው ድንጋይ

አብሮ አደጌ አራት የተኩላ ቡችሎቼን በገዛ ጣቴ አስገደለኝ። ነገሩ ይኸው ነው። አሳምሬ ልነግርህ አልፈልግም።

ደጄ ላይ ያለውን ጥቁር ድንጋይ አይተኸዋል። ሰው ሲመጣ መቀመጫ ይመስለዋል፤ ማንንም አላስቀምጥበትም። ዝናብ ሲነካው የጉና መሬት ይሸታል። ያ ሽታ ሲመጣ የዱቄቱ ሽታ ይከተለዋል፣ ከዚያ የወፍጮው ጩኸት፣ ከዚያ ያ ሰማያዊ የመስኮት ብርሃን።

ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸካሚ ነበርሁ። ፊደል የሚባል አላውቅም። አብሮ አደጌ ተማሪ ነበር። ከጉና ሥር ከአንድ አጥቢያ ወጥተን አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ ያነባል፣ እኔ እሸከማለሁ። ከወፍጮው ጎን አንድ ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ነበራቸው። ልጃቸው ትቶት የሄደውን ኮምፒውተር ከጨርቅ ጣቃዎቹ ኋላ አስቀምጠው የሰፈሩን ጎረምሳ ያጫውቱበት ነበር። አብዛኛው የሚጫወተው ኳስና መኪና ነው። እኔን የያዘኝ ተኩላው ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። እናት ተኩላ ትሆናለህ። አገሩ ሁሉ በረዶና ጥድ ነው። ቡችሎች ትወልዳለህ። መጀመሪያ ሥጋ በአፍህ ታመጣላቸዋለህ። ትንሽ ከፍ ሲሉ ግን አይጥ ሳትገድል ይዘህ መጥተህ ፊታቸው ትለቃለህ። ራሳቸው ማደን ካልለመዱ የብርዱን ወራት አይሻገሩትም። ሌላው ሁሉ፣ አብሮ አደጌም ሳይቀር፣ ይቸኩል ነበር። አይጧን እናቲቱ ትበላታለች፣ ቡችሎቹ በራብ ያልቃሉ፣ እንደገና ይጀመራል። እኔ አልቸኩልም። ጉና ላይ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ስትጠብቅ እያየሁ ነው ያደግሁት። ጆሮዋን ለመሬት ሰጥታ እንደ ግንድ ትቆማለች።

ሁለቱ ወንዶች ጉልበተኞች ነበሩ። አንዷ ሴት ሌባ ነበረች፤ ሌላው የያዘውን ነጥቃ ትሮጣለች። ትንሿ የፊት እግሯ ነጭ ነው። አይጧ ባፍንጫዋ ሥር ስታልፍ እሷ አንጋጣ የሚወርደውን በረዶ ታያለች። ትተርፋለች ያለ አልነበረም።

ከሥራ እንደወጣሁ ጸጉሬ ነጭ እንደሆነ ሱቁ እገባለሁ። ባለሱቁ «ጨርቄን ሳትነካ እለፍ፣ አንተ ዱቄት» ይሉኝ ነበር። ስሜ በዚያ ሰፈር ዱቄት ነበር። አንድ ቀን ማምሻ ላይ ያቺ ትንሿ ቆመች። ጆሮዋን አቀናች። ዘለለች። አፍንጫዋን በረዶው ውስጥ ተክላ ቀረች፤ የሚታየው ጅራቷ ብቻ ነው። ሳተች ብዬ ነበር። ቀና ስትል አይጧ በአፏ ናት። የወፍጮው ጩኸት እያለ የኔ ጩኸት መንገድ ድረስ ተሰማ አሉ። ባለሱቁ ከመደርደሪያቸው ሆነው «ወንድ ነው ሴት የተወለደው?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አብሮ አደጌ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። እሱ አልሳቀም።

ጨዋታው ሲዘጋ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። የሚያነብልኝ እሱ ነው። የግራውን ቁልፍ ይለኛል፣ የግራውን እጫናለሁ፣ ቡችሎቹ ለነገ ይቀመጣሉ። በማግሥቱ ግን «ዛሬ ጥያቄው ሌላ ነው። አድገዋልና የቀኙን ተጫን» አለኝ። ተጫንሁ። የኮምፒውተሩ መስኮት ደግሞ ጠየቀ። «አሁንም የቀኙን» አለኝ። ተጫንሁ።

መስኮቱ ጠቆረ። ሲበራ ጉድጓዱ ባዶ ነበር። እናቲቱ ብቻዋን በረዶው ላይ ቆማለች። ቡችሎቹን ፍለጋ ዞርሁ፤ ከጥዱ ሥር፣ ከወንዙ ዳር። የቀኙ ቁልፍ ማጥፊያ መሆኑ ሳቁ ሲፈነዳ ነው የገባኝ። እሱም ሳቀ፣ ጎረምሶቹም ሳቁ። ከሳቁ መሃል «ይኸው ብቻህን ቀረህ። መቼም ለምደኸዋል» አለኝ።

እናቴንና አባቴን በአንድ ክረምት እንደቀበርሁ ያውቃል። አፈር ሲለብሱ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

አልመታሁትም። ብመታው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እንዲያልቅ አልፈለግሁም። ጋቢዬን ከክፍላችን አውጥቼ ወፍጮ ቤት ጆንያ ላይ ተኛሁ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ፊደል የቆጠርሁት ከዚያ በኋላ፣ ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ከእናቶች ጋራ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። መምህሩ ምን ፈልገህ መጣህ ቢለኝ፣ ቁልፍ ላነብ አልሁት። ሰው ዓይኔ እንዲበራ ተማርሁ ይላል። እኔ የተማርሁት ሁለተኛ በሌላ ሰው አፍ እንዳልገድል ነው። የአማርኛው ሲያልቅ የእንግሊዝኛውን ጀመርሁ። እሱ ተመርቆ የቢሮ ሰው ሆነ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እጅ ይነሣል፤ እኔ ጫማዬን አያለሁ። ልቅሶ ቤት እሱ ከገባ እኔ ውጭ እቆማለሁ። ሰው በምን ተጣላችሁ ሲለኝ፣ እሱን ጠይቁት እላለሁ። ምን ብሎ ይናገራል?

ቀኑ የመጣው በቁርባን ሊያገባ ሲል ነው። የነፍስ አባቱ የተቀየመህ ሰው ካለ ሳትታረቅ አላቆርብህም አሉት። ሙሽራዪቱ ተዘጋጅታለች፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ዘመድ ከየአገሩ እየገባ ነው። ቄሱና እኒያ ጨርቅ ነጋዴ ሽማግሌ ሆነው ወደኔ መጡ።

«ከሱ ላይ የምን ቂም አለህ ልጄ?» አሉኝ ቄሱ።

«የአራት ነፍስ ደም።»

ቄሱ አማተቡ። ባለሱቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ተኩላ ናቸው አባ። ኮምፒውተር ውስጥ የነበሩ ናቸው» አሉ።

ቄሱ ወደሳቸው ዞሩ። «ኮምፒውተሩ የማን ነበር?»

«የኔ።»

«እንግዲያ አንቱም አሉበት» አሏቸው።

ትስቅ ይሆናል። ሳቅ። እኔ አልሳቅሁም። ድንጋይ ይሸከም አልሁ። በኛ አገር ነፍስ ያጠፋ ሰው ሲታረቅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከተበደለው ሰው ደጅ ጎንበስ ይላል፤ ባለደሙ እሺ እስኪል ድረስ አይወርድለትም። ይህ ለሰው ደም ነው እንጂ ለጨዋታ አይደረግም ብለው ለመኑኝ። እንግዲያ ሳይቆርብ ያግባ አልሁ። አምሽተው መልሱን ይዘው መጡ፤ እሸከማለሁ ብሏል አሉ። ድንጋዩን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ከተማው ውስጥ ድንጋይ ጠፍቶ አይደለም፤ ሰው ልኬ ከጉና በበቅሎ አስመጣሁት። ከዚያ እንዲሆን ፈለግሁ።

የሠርጉ ዋዜማ ማለዳ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋራ መጣ። ውርጭ ነበር፤ ትንፋሹ ይጨሳል። ድንጋዩን በማጅራቱ አድርጎ ደጄ ላይ ጎንበስ አለ። ቀኑ የገበያ ነው፤ በግ የሚነዳው ሁሉ እየቆመ ያያል። «ይኼ እኮ ሙሽራው ነው» ሲባባሉ እሰማለሁ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። እስከ ቀትር ላቆመው ወስኜ ነበር።

«የገደልሃቸውን ተናገር» አልሁት።

«ሁለቱ ወንዶች» አለ። ላቡ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። «ሌባዋ።»

ዝም አለ። ረሳ ብዬ ልቤ ዘለለ። የረሳ እንደሆነ እስከ ማታም አላወርድለትም።

«ነጭ እግሯ» አለ። «ጅራቷ ብቻ የታየ ለት እኔም ልጮኽ ነበር። የኔዎቹ ሁሉ በራብ አልቀውብኝ ነበር። ቀናሁብህ።»

ባለሱቁን አየኋቸው። ተኩላ እንደነበረ እንጂ ሌላ አያስታውሱም። እነዚያ ይስቁ የነበሩት ጎረምሶችም የት እንደገቡ አላውቅም። ያቺን ነጭ እግር ያየና ያልረሳ፣ ከኔ ሌላ፣ ይኸው ደጄ ላይ የተጎነበሰው ሰው ብቻ ነው። ይህን አላሰብሁትም ነበር።

ቀትር ገና ሩቅ ነው። አውርዱለት አላልሁም። ተነሥቼ ራሴ አወረድሁት። ጆንያ የለመደ ትከሻዬን እንኳ ከበደኝ። ቄሱ ይቅር ለእግዚአብሔር በል ቢሉኝ በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ። እሱ ማጅራቱን ይዞ ቀና ሲል አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

«ቀና ስትል አይጧ በአፏ ነበረች፤ አይደለም?»

«ነበረች» አለ።

ቀኑ ጥር ፲፫ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ነበር።