ያልሠራሁትን አልናዘዝም

ይህ የሆነው ከሆሳዕና ብዙም በማትርቀው በሞርሲቶ ከተማ ዲሽ ያለው ቤት በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው፣ እኔ ድምፄ የማይሰማ ሴት በሰው ሁሉ ፊት «እምቢ» ያልኩበት ቀን ስለሆነ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ነቀምት ነው። በመምህርነት ሞርሲቶ ስመደብ አንድም ዘመድ አልነበረኝም። ዘመድ የሆነችኝ ቤተ ክርስቲያን ናት። ከመዘምራን ጋር ስቆም አገሬ የገባሁ ይመስለኝ ነበር።

አከራዬ ወይዘሮ ኤርጎጌ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተራ እየገቡ እንሰት ይፍቁ ነበር፤ ዛሬ በአንዷ ጓሮ፣ ነገ በሌላዋ። እንሰት ሲፋቅ ወንድ አይጠጋም። እኔ መፋቁ እምቢ ስላለኝ፣ «አንቺ ቲቸር፣ እጅሽ ካልሠራ አፍሽ ይሥራ፤ በይ አውሪልን» አሉኝ።

በዲሽ አንድ የውጭ ፕሮግራም አይቼ ነበር። አንዲት ሴት ብዙ ወንዶች ያሉበት ግቢ ትገባለች፤ በየሳምንቱ አንዱን እያሰናበተች በመጨረሻ የምትወደውን ትመርጣለች። እኔም «ይሄ ፈጠራ ነው» ብዬ ከዚያ ተነሥቼ የራሴን የፍቅር ታሪክ ጀመርኩ። ልጅቷን ከአገሯ የራቀች አስተማሪና ዘማሪ አደረግኋት፤ የማውቀው እሱን ነዋ። ማታ ማታ በሯን ቆልፋ ትጸልያለች። ልቧ ግን ከተወዳዳሪዎቹ ወደ አንዱም አላለም፤ ለካሜራ መብራት የሚሸከመውን ልጅ ወደደች።

ሴቶቹ ሥራው ተረሳቸው። «ያንን ባለመኪናውን አባሪው! ዓይኑ ቀላዋጭ ነው» ትላለች አንዷ። «ተይው ይቆይ፣ ቢያንስ ቤት አለው» ትላለች ሌላዋ።

ጓሮው በተቀያየረ ቁጥር መጀመሪያ «ፈጠራ ነው» ያልኩትን ያልሰሙ ሴቶች ይመጡ ነበር። እነሱ አስተማሪና ዘማሪ ሲባል እኔ መሰልኳቸው። ወሬው ቤት ለቤት ዞሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ከጋሽ ኤርሲዶ ደረሰ። አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ ከዚያ ሁሉ ወንድ ጋር አንድ ቤት ከርመሽ ነው መዘምራን መሐል የቆምሽው?»

«ጋሼ፣ ተረት ነው» አልኳቸው።

«ተረት ጅብና ቀበሮ ነው። ይሄ ሰው አለበት። እሑድ ጉባኤው ፊት ወጥተሽ ንስሐ ትገቢያለሽ፤ አለዚያ ከመዘምራን ትወጫለሽ።»

ሳምንቱን ሙሉ ጸለይኩ። ዝም ብዬ «በድያለሁ» ብል ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። እሑድ ደረሰና ማይኩን ሰጡኝ።

«ያልሠራሁትን አልናዘዝም» አልኩ። «ብናዘዝ፣ በእግዚአብሔር ቤት የዋሸሁት ያን ጊዜ ነው።»

ከሴቶቹ በኩል ወይዘሮ ኤርጎጌ ብድግ አሉ። «እሷ ከወጣች የሰማነውም እንውጣ! ጋሽ ኤርሲዶ፣ የእርስዎስ ባለቤት ‹ባለመብራቱን ካላገባች ነገ አልመጣም› ብለው የለ እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። የጋሽ ኤርሲዶ ባለቤት በነጠላቸው ተሸፈኑ። ጋሽ ኤርሲዶ ግን ፍንክች አላሉም፤ ከመዘምራን ወጣሁ።

በማግስቱ እንሰት ወደሚፋቅበት ጓሮ ሄጄ ታሪኩን ጨረስኩት። ልጅቷ ባለመብራቱን አገባች። የሽማግሌው ባለቤት ከሁሉም ቀድመው መጥተው ነበር።

ከወራት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ «ትንሽ ይቅርታ በይና ተመለሽ» የሚል መልእክት መጣ። ትልቁን እምቢ ያልኩ ሴት ትንሹን እሺ ልል ነው? አልተመለስኩም። እሑድ እሑድ ከወይዘሮ ኤርጎጌ አጠገብ ተቀምጬ፣ እዚያው አግዳሚው ላይ ሆኜ ጮክ ብዬ እዘምር ነበር።

አሁን ሆሳዕና ነው የምኖረው። ጌታ ፊት ስንበረከክ የምናዘዘው አላጣም፤ ቁጣዬ አለ፣ ስንፍናዬም አለ። ያቺን ልጅ በመፍጠሬ ግን አንድም ቀን ይቅርታ ጠይቄው አላውቅም።