አሮጊቷና ኮቴ የሌላት ፒካፕ

ባሌ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። በአሮጌ መኪናው ሠላሳ ዓመት ሲሠራ የምገፋት እኔ ነበርኩ። በዝናብ ገፍቻታለሁ፣ ነፍሰ ጡር ሆኜም ገፍቻታለሁ። ሰፈርተኛው «አሮጊቷ» ይላታል። አንዱ በሯ በገመድ ይታሰራል፤ ስትነሳ ደግሞ በሳሏ ሰፈሩን ታምሰዋለች። አንድ ቀን መሮኝ «ወይ እሷ ወይ እኔ» አልኩት። መልሱን ስጠብቅ አረጀሁ።

ስለዚህ የበኩር ልጃችን ፒካፕ ሲገዛለት ከሁሉ በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ። ረጃጅሙ ቧንቧ ከኋላዋ ይጫናል፣ ወንበሯ ወገቡን ይደግፍለታል፣ ቁልፍ ነካ ሲያደርጋት ትነሳለች። አሮጊቷ ትሸጥ ያልኩትም እኔው ነኝ። በቆመችበት ቦታ አትክልት ልተክል ችግኙን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ።

ባሌ አልተከራከረኝም። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብሎ አጉረመረመና ገዢው ቅዳሜ እንዲመጣ ተስማማ። ግን ከሥራ ሲመለስ ፒካፗን አቁሞ አሮጊቷን ሲወለውል አየዋለሁ። አንጀቴን በላው፤ ቢሆንም ጨከንኩ።

ሳምንቱን ሙሉ በፒካፗ ሠራ። እሷ እቴ፣ ኮቴ እንኳ የላትም። ሳልሰማው እየገባ ከኋላዬ «እንዴት ዋልሽ» ሲለኝ ክው እላለሁ። ምግቡም ሳይሞቅ ይጠብቀዋል።

ቅዳሜ ገዢው መጣ፤ ጨዋ አናጢ ነው። «እስቲ አንዴ ዞር ላድርጋት» ብሎ ይዟት ወጣ። እኔና ባሌ በረንዳው ላይ ቆመን ጠበቅነው። ትንሽ ቆይቶ ሳሏ ከመታጠፊያው ተሰማ። እኔ ሆዬ ጥድፍ ብዬ ማድ ቤት ገባሁ፣ ምድጃውን ለኮስኩ፣ ድስቱን ጣድኩ፣ ሳህኑን አወጣሁ።

ባሌ ተከትሎኝ በሩ ላይ ቆሟል። «ለማን ነው?» አለኝ።

«ላንተ ነዋ፤ መጣህ እኮ...»

ባሌ እኮ እዚሁ በሩ ላይ ቆሟል። ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰላም መግባቱን የማውቀው በዚያች ሳል ነው። እንባዬ መጣ። እሱም አይቶ እንዳላየ ሆነልኝ።

ወጥቼ አናጢውን «የኔ ልጅ፣ አስለፋሁህ፣ ይቅር በለኝ። አትሸጥም» አልኩት።

ችግኞቹን ለጎረቤት ሰጠሁ። ከባድ ጭነት ሲኖር ፒካፗ ትወጣለች፤ ሌላ ሌላውን ቀን አሮጊቷ ናት። ዛሬ ጠዋትም አልነሳ አለች፤ ገፋኋት።